በቀኙ ስፖኪዮ የበራችው መብራት

እኔ ጂን፣ መንፈስ፣ የቦታ ባለቤት ምናምን ሲወራ ሳቄ የሚቀድመኝ ሰው ነኝ፣ ዛሬም አላምንም፣ ይህን ያዙልኝ፣ የምነግራችሁ ግን በእነዚህ ሁለት ዓይኖቼ ያየሁትን ነው።

ቦንጋ ተመድቤ የመሥሪያ ቤት መኪና በምነዳበት ጊዜ ነው። ሴት ሹፌር እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ኃላፊያችን ደግሞ ከመስክ በተመለስኩ ቁጥር መኪናዋን እየዞረ ጭረት የሚፈልግ ሰው፣ "አንዲት ጭረት ካየሁ ቁልፉን ታስረክቢያለሽ" ብሎኛል። እኔም እልኸኛ ነኝ፣ አላሳየውም ብዬ ምያለሁ። መኪናዋ አገልግላ ከውጭ የመጣች ናት፣ ስፖኪዮው በማያሳየው ቦታ ጎን ለጎን ተለጥፎ የሚሄድ ነገር ካለ ስፖኪዮው ጥግ ላይ ብርቱካናማ መብራት ትበራለች፣ ወደዚያ ለመታጠፍ ፍሬቻ ካበራችሁ ደግሞ ትጮሃለች።

የዚያን ቀን ከሺሺንዳ ስንመለስ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፣ ጉሙ መንገዱ ላይ ተኝቷል። አጠገቤ የተቀመጡት የንብረት ክፍሉ ጋሽ አስራት ናቸው፣ የአገሩ ተወላጅ። አንድ ትልቅ ዛፍ ያለበት ኩርባ ጋ ደረስን፣ እዚያ የአካባቢው ሹፌር ሁሉ ቴፑን ቀንሶ፣ አጭር ክላክስ አድርጎ ነው የሚያልፈው።

"ልጄ፣ ክላክስ አድርጊ። ባለቤት አለው ቦታው፣ ሳያስፈቅዱ አይታለፍም" አሉኝ።

"ጋሽ አስራት፣ መንገዱ የመንግሥት ነው፣ እኔ ለዛፍ ክላክስ አላደርግም" አልኩና አለፍኩ።

ወዲያው የቀኙ መብራት በራች። በቀኝ በኩል እኮ ጥቂት ሳር፣ ከሳሩ ወዲያ ገደል ነው፣ እንኳን መኪና በቅሎ አያስኬድም። ቀነስኩ፣ አልጠፋችም፣ ጨመርኩ፣ አልጠፋችም። ውሃ ገብቶባት ነው ብዬ አቆምኩና ወርጄ መብራቷን የሚያዘውን ሴንሰር በነጠላዬ ጠረግኩ፣ እመኑኝ፣ ያኔ እርጥብ ሳር ሲረገጥ የሚሰማውን ድምፅ ሰማሁ፣ ዞር ስል ማንም የለም። ተናድጄ ገባሁ።

"ይከተለን እንግዲህ፣ ነዳጅ አይሞላ!" አልኩ።

"አትቀልጂ፣ ልጄ" አሉ ጋሽ አስራት፣ ከበሩ ሸሽተው ወደ እኔ እየተጠጉ።

ብዙም ሳንርቅ አንድ የጭነት መኪና መብራት ሳያበራ፣ የእኔን መስመር ይዞ፣ ከጉሙ ውስጥ ፊቴ ድቅን አለ። መውጫዬ ቀኝ ብቻ ነው። መሪውን ስጠመዝዝ እጄ ፍሬቻውን ነካው መሰለኝ፣ መሣሪያዋ ቦታው ተይዟል ብላ ጩኸቷን ለቀቀችው።

"ዞር በል!" ብዬ ጮህኩ፣ ማንን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ጩኸቷም መብራቷም ባንድ ጊዜ ጠፋ። ሳሩ ላይ ወጣሁ፣ የጭነት መኪናው ለጥቂት ስቶን አለፈ።

"አሳለፈሽ" አሉ ጋሽ አስራት፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

ቦንጋ ስንገባ ኃላፊው እንደ ልማዱ መኪናዋን ዞረ፣ ጭረት አጣ፣ ከዚያ ፊቱን አኮሳተረና "ቀኝ ጎኗን ብቻ ለምን አጠብሽው?" አለኝ። ሳያት እውነቱን ነው፣ ሁለመናዋ ጭቃ ለብሶ ቀኝ ጎኗ ግን እስከ ስፖኪዮው ድረስ ንጹሕ ነው። ሳሩ ጠርጎት ይሆናል ብዬ መለስኩለት፣ ሳሩ ግን ከጉልበት በላይ አይደርስም ነበር።

ቁልፉ እኔው ጋ ቀረ። መኪናዋ ጋራዥ ገብታ ታየች፣ መሣሪያዋ ደህና ናት ተባለ። ያን ኩርባ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ተመላለስኩበት፣ ጋሽ አስራት ክላክስ አድርጊ ማለታቸውን አልተዉም፣ እኔም እምቢ እንዳልኩ ነኝ። መብራቷ ግን እዚያ ቦታ ደግማ በርታ አታውቅም፣ በደረስኩ ቁጥር ዓይኔ ቀኙ ስፖኪዮ ላይ ይቀራል። ከሳሩ ወዲያ እኮ ገደል ነው። ዞር በል ስለው ወዴት ዞረ?