ከፊት የሚሄደው ቤዝ

«ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?»

የኳየሩ መሪ ወንድም ደመላሽ እጁን ሲያነሳ ድራሙም ኪቦርዱም ቆመ። ሀሌሉያ ጣቶቿን ከቤዝ ጊታሩ ክሮች ላይ ሰበሰበች። መዝሙሩ ካለቀ በኋላ እጇ ሳታስበው የቀጠለው ዜማ የመዝሙር አልነበረም።

«ምንም አይደለም። ዝም ብሎ ጣቴ ላይ መጣ» አለች።

«የሆነ ቦታ የሰማሁት መሰለኝ» አለ ደመላሽ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። እሱ ግን ትክ ብሎ አያትና «ከመጀመሪያው እንሂድ» ብሎ ዞረ።

የት ሊሰማው ይችላል? ሀሌሉያ ከሶፕራኖዎቹ መሀል ኤልቤቴልን በዓይኗ ፈለገች፤ ቦታዋ ባዶ ነው። ሁለቱ ከሰንበት ትምህርት ጀምሮ አብረው ያደጉ ጓደኛሞች ናቸው። ኤልቤቴል ደግሞ ዝናብ ቢጥል፣ ፈተና ቢደርስ ከልምምድ ቀርታ አታውቅም። የሀሌሉያ ልብ ጠረጠረ።

ነገሩ የጀመረው መናኸሪያው አጠገብ ነው። የክፍሏ ልጅ ሳዳም ከትምህርት በኋላ በወንድሙ ሱቅ ተቀምጦ ለሰው ስልክ ላይ ዘፈን ይጭናል። አንድ ቀን «አንቺ ቤዝ ትጫወቺ የለ? ይሄን ስሚ» ብሎ ኢርፎን ሰጣት። ቤዙ ብቻውን ጀመረ። ጊታሩ ባዶ አዳራሽ ውስጥ የሚመታ ይመስል ከሩቅ እያስተጋባ ተከተለው። ከዚያ አንድ ወፍራም ድምፅ በእንግሊዝኛ ማንጎራጎር ያዘ።

«ጎቲክ ፖስት ፐንክ የሚባል የሮክ ዓይነት ነው። ገና አሁን የወጣ ነው» አለ ሳዳም። «ጨለም ያለ ሳይኬደሊክም አለኝ። እሱማ ጭንቅላት ያዞራል።»

ስክሪኑ ላይ ፊታቸውን ኖራ የተቀቡ የሚመስሉ፣ ጥቁር በጥቁር የለበሱ ሰዎች አፍጥጠውባታል።

«ሰይጣን ነው እንዴ የሚያመልኩት?»

«አቦ ተይ። ሰይጣን የሚያመልክ ሰው እንዲህ ያለቅሳል?»

አላመነችውም። ዘፈኖቹን አስጭና ቤቷ ገባችና ግጥሙን ቃል በቃል እየፈታች መረመረችው። ዝናብና የተቆለፈ ቤት እንጂ ሰይጣን አላገኘችም። ያም ሆኖ ጥርጣሬው አልለቀቃትም፤ መስማቱንም አልተወችም። ኳየር ውስጥ ቤዝ ሁልጊዜ ከኋላ ነው፤ አንድ ቀን ብትቀር ልብ የሚላት መኖሩን እንጃ። እዚህ ግን ቤዙ ከፊት ይሄዳል፣ ሌላው ይከተለዋል። ደስ አላት፤ ደስታዋም አስፈራት።

እነሱ ቤተ ክርስቲያን ዓለማዊ ዘፈን የተገኘበት ዘማሪ ከአገልግሎት ይታገዳል። ሽማግሌዎች እስኪፈቅዱለት ድረስ ዩኒፎርሙን አውልቆ የመጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ኳየሩ ጨለለቅቱ ከተማ ሄዶ የሚያገለግልበት ኮንፈረንስ ደግሞ ደርሷል። ሀሌሉያ ጊታር ከያዘች ጀምሮ ስትጠብቀው የኖረችው እሱን ነው።

በማግስቱ ሳዳምን ጥግ አስያዘችው። «ለማን አወራህ?»

«ለማን ላውራ? እኔ የምሄደው መስጊድ! የእናንተን መሪ የት አግኝቼው?»

እንግዲያው ኤልቤቴል ናት። ባለፈው እሑድ የልምምዱን ቅጂ ልውሰድ ብላ ስልኳን የተቀበለቻት እሷ ናት፤ አሁን ደግሞ ሲደወልላት አታነሳም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ሀሌሉያ መንገዱን ሙሉ በሆዷ እየሰደበቻት ቤቷ ድረስ ሄደች።

ኤልቤቴል በራቸው ላይ ተቀምጣ ጭቃ የጠጣ ሸራ ጫማዋን ታጥባለች።

«ለወንድም ደመላሽ ምን ብለሽ ነገርሽው?»

«ስለ ምን?»

«አትሸውጂኝ። ስለ ዘፈኖቹ ነዋ።»

ኤልቤቴል ብሩሹን አስቀመጠች። «እኔ ነኝኮ የታገድኩት።»

ሀሌሉያ አጠገቧ ቁጭ አለች።

«ቅጂዎቹን አንድ በአንድ መምረጥ ሰለቸኝና ፎልደሩን በሙሉ ወደ ስልኬ ላኩት» አለች ኤልቤቴል። «እማዬ መዝሙር ልትሰማ ከፈተችው። መዝሙሩ ሲያልቅ ያ ሰውዬ ማልቀስ ጀመረ። ስልኬን ይዛ በቀጥታ ወንድም ደመላሽ ጋ ሄደች። እስካሁን አልመለሰችልኝም።»

«ከማን አመጣሽው ሲሉሽስ?»

«ዝም አልኩ።»

«ለምን?»

«ሶፕራኖ ነፍ ነው። ቤዝ ግን አንቺ ብቻ ነሽ።» ብሩሹን መልሳ አነሳች። «ደግሞ ሁለተኛው ዘፈን ይመቻል። ለማንም እንዳትናገሪ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሀሌሉያ ትስቅ ነበር። አሁን ግን ዓይኗን ቀና አድርጋ ማየት አፈረች።

ቅዳሜ የመጨረሻው ልምምድ ነበር። ኤልቤቴል በዘወትር ልብሷ መጥታ የመጨረሻው ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። የኳየሩ ልጆች ያላዩዋት መስለው በአጠገቧ አለፉ።

«ዝግጁ ናችሁ?» አለ ደመላሽ።

ሀሌሉያ ጎንበስ ብላ የአምፕሊፋየሩን ድምፅ ከፍ አደረገች። ደመላሽ ያን ዜማ በኤልቤቴል ስልክ ሰምቶታል፤ አሁን ከሰማው ከማን እንደመጣ አይጠፋውም። ጨለለቅቱ ትዝ አላት። ከዚያ ድራመሩ ሳይጀምር ዜማውን ከመነሻው ጀመረችው፤ በዝግታ፣ አንድም ሳትስት። የጣሪያው ቆርቆሮ ነዘረ።

ደመላሽ መጀመሪያ ወደ መጨረሻው ወንበር፣ ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። እጁን አነሳ።

ሀሌሉያ እጁን አየችው። ጣቶቿን ግን አልሰበሰበችም።