ዘበኛዋ ቢጫ ክር

ድምቡሼ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ድምቡሼ ያሏት በጉንጯ ነው፤ ሁለት ዳቦ ጎርሳ መዋጡን የረሳች ነው የምትመስለው። አትሳቁ፣ ከእናንተም መሀል አለ፤ ስም አልጠራም።

የምትኖረው ከእናቷና ከእናቷ ታላቅ እህት ጋር ነው፤ ከልብስ ሰፊው ሱቅ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ውስጥ። እናቷ የዳንቴል ሻል ትሠራለች። በሁለት ረጃጅም መርፌ፣ ከትንፋሽ የቀለለ ሻል። አክስቷን ደግሞ ቤቱ በሙሉ እትዬ ይላታል። እትዬ ታማ ተኝታለች። ሐኪሙ መጥቶ አይቷት፣ በቃ የምትወደውን አድርጉላት ብሎ ሄዷል። ልጆች፣ ሐኪም እንዲህ ካለ ነገሩ ገብቷችኋል።

እትዬ የምትወደው ቀለም ወይን ጠጅ ነው። ዕድሜዋን በሙሉ ለእህቷ ክር ስታጠነጥን ኖረች፤ ሻሉን የለበሰው ግን ሁሌም ሌላ ሰው ነው። አሁን አንድ ነገር ለመነች። ወይን ጠጅ ሻል አንድ ቀን ትከሻዬ ላይ ልየው አለች። እናትየዋም የሰዉን ሥራ ሁሉ ወደ ጎን ትታ የእህቷን ጀመረች።

ዳንቴል ክፉ ነው። አንዲት የክር ቀለበት ካመለጠች ቁልቁል ትሮጣለች፣ ጎረቤቶቿንም አስከትላ ትሄዳለች፤ ልክ እናንተ አንዱ ሲስቅ ሁላችሁም እንደምትከተሉት። ስለዚህ እናትየዋ ሥራው አምሮ እዚህ ደረሰ ስትል፣ በዚያ ረድፍ ቀለበቶች ውስጥ ሌላ ቀለም ክር ታሳልፋለች። ለድምቡሼም አሳይታታለች። ይቺ ዘበኛ ናት፤ ብሳሳት እስከ እሷ ድረስ እተረትራለሁ፣ እሷ ጋ ስደርስ ይቆማል ብላታለች። ዘበኛዋ ቢጫ ነበረች።

ድምቡሼ ደግሞ ቢጫ ካየች ነፍሷን አታውቅም። ከእናቷ ሥራ በተረፈ ቢጫ ክር ትንንሽ የእጅ አምባር እየገመደች ለሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቿ ትሰጥ ነበር። ሁሉም ደረሳቸው። የቀረችው የፊት ጥርሷ የወለቀው ልጅ ብቻ ናት፤ ወላቃዋ። የወላቃዋ አፍ ደግሞ በር የለውም።

"የኔን በላሽው እንዴ? ጉንጭሽ ውስጥ ይሆናል፣ እስቲ ክፈቺው" አለቻት።

ሁሉም ሳቁ። ድምቡሼ ነገ ይዤልሽ እመጣለሁ ብላ ማለች። ክሩ ግን አልቋል።

ቤት ስትገባ እናቷ ጓዳ እትዬን እያጠበች ነው። ሻሉ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ቢጫዋም እዚያው መሀሉ ላይ አለች። ድምቡሼ ቆማ አየቻት። እማዬ መቼ ተሳስታ ታውቃለች፣ ዘበኛ ምን ያደርግላታል አለች በልቧ። አያችሁ፣ ፈተና አንዳንዴ እናትን እያመሰገነ ነው የሚመጣው። ሳብ አደረገቻት። ክሯ እንደ ቅቤ ሾልካ ወጣች። በማግስቱ የወላቃዋ እጅ ላይ ታሰረች።

እናትየዋ በማስታመም ደክማ ነበርና ተሳሳተች። አልደነገጠችም። መርፌውን አወጣች፣ ከእትዬ ጋር እየተጫወተች ትተረትር ጀመር። ተረተረች፣ ተረተረች። ዝቅ ብላ ስታይ ቢጫ የለም። ቀለበቶቹ እርስ በርስ እየተጎተቱ ተፈቱ። ያ ቅጠል፣ ያ አበባ ሁሉ ጠፍቶ ጭኗ ላይ የቀረው የተጨማደደ ክር ነው።

ድምቡሼ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ታያለች። እናቷ ግን እሷን አላየችም፤ የገዛ እጇን ነው ያየችው። ክሯን ሳላስገባት ቀርቼ ነው፣ ጭንቅላቴ ከዳኝ አለች። እትዬም ካልጋዋ ሆና፣ "እኔ ተኝቼ አንቺ ጃጀሽ?" ብላ ቀለደችባት። ሁለቱም ሳቁ። የእናትየዋ ሳቅ ግን በእንባ አለቀ።

በይ ንገሪያት፣ ድምቡሼ። አልነገረችም። ነገ እነግራታለሁ አለች። ሲነጋም ነገ አለች።

እናቷ እንደገና ጀመረች፤ ግን የድሮዋ ሴትዮ አይደለችም። እጇን ማመን ትታለች። አንድ ረድፍ ትሠራለች፣ ትቆጥራለች፣ ትጠራጠራለች፣ ትተረትራለች። ምንም ያልተሳሳተችውን ሁሉ ስትተረትር ትውላለች። ሥራው አልራመድ አለ።

አንድ ከሰዓት እትዬ ድምቡሼን ጠርታ ሻሌ የት ደረሰ አለቻት። ድምቡሼ በእጇ ለካችላት፤ ከመዳፍ እምብዛም አይበልጥም።

"እንግዲህ ለአፍንጫዬ ይበቃኛል" አለች እትዬ።

ድምቡሼ መሳቅ አቃታት። አልጋው ጫፍ ላይ ተደፍታ ሁሉንም ዘረገፈችው። እትዬ ፀጉሯን ዳበሰችላት።

"እኔስ ምሬሻለሁ። ሸክሙ ያለው ግን እናትሽ ላይ ነው። ሂጂ አውርጂላት።"

"እሺ፣ ማታ እነግራታለሁ።"

"ማታ ምን ያደርግልሻል? አሁን ሂጂ፣ የኔ ልጅ።"

ድምቡሼ ተነስታ እስከ በሩ ሄደች። እናቷ አንገቷን ደፍታ ቀለበት ትቆጥራለች። ልጅቷ ፈራች፤ ተመለሰች። እትዬን እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ከዚያ እንቅልፍ አልነቃችም።

ጎረቤት ቤቱን ሞላው። እናትየዋ ያቺን መዳፍ የምታህል ሥራ ታቅፋ፣ አንድ ነገር ብትለምኚኝ እጄ ከዳሽ፣ እህቴ፣ እጄ ነው ያስቀረብሽ እያለች ታለቅሳለች። ድምቡሼ ከዚህ በላይ አልቻለችም። በሰዎቹ እግር መሀል ሾልካ እናቷ ጉልበት ላይ ወደቀች።

"እማዬ፣ እጅሽ አይደለም። ቢጫዋን የመዘዝኳት እኔ ነኝ።"

እናቷ ቀና ብላ አየቻት። አልመታቻትም። መመታት የሚሻልበት ጊዜ አለ፣ ልጆች፤ ያን ጊዜ ነበር።

"ያን ቀን ብትነግሪኝ እቆጣሽ ነበር" አለች በመጨረሻ። "ተቆጥቼ እጨርሰው ነበር።"

ከዚያ ስባ አቀፈቻት፤ ሁለቱም አብረው አለቀሱ። ይቅርም አለቻት፣ እናት አይደለች። እግዚአብሔርም ተጸጽቶ የመጣን ልጅ አይመልስም። እትዬ ግን የለመነችውን ሳትለብስ ሄደች፤ ይህን ይቅርታም አይመልሰውም።

ልጆቼ፣ ስታጠፉ ነገ ሳትሉ ዛሬውኑ ተናገሩ፤ የደበቃችሁትን ጥፋት ምንም ያላጠፋ ሰው ነውና የሚሸከመው።