በጋቢው ጫፍ የታሰረው እንክብል

አቶ ገብረጻድቅ ግድግዳውን ተደግፈው፣ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቆ፣ በአልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። የፍልሰታ ጾም ነበር፤ አንኮበርም በጉም ተሸፍናለች። ኢንስፔክተር ሥርጉት የአስከሬን ምርመራውን ውጤት ይዛ ከደብረ ብርሃን ስትመጣ ቤተሰቡና የሟቹ ሐኪም ተሰብስበው ጠበቋት። የሟቹን ትንፋሽ ያጠፋው ለወገብ ሕመማቸው የታዘዘላቸው ሞርፊን የተባለ ኃይለኛ ማስታገሻ ከመጠን በላይ መወሰዱ ነበር።

«እሷ ናት!» አሉ ወንድማቸው አቶ ፍቅረ ማርያም፣ የሟችን ምራት ሰርካለምን በከዘራቸው እየጠቆሙ። «መድኃኒቱ ያለው በእሷ እጅ ነው። ማስታመም ሰለቻት!»

ሰርካለም ልጇን እንዳዘለች ቆማለች። በሩ ላይ ያለው ፖሊስ ካቴናውን አውጥቷል።

ሥርጉት እንክብሎቹን ቆጠረች። ከታዘዘው በላይ አንድም የጎደለ የለም።

«እንዴት ነበር የምትሰጪያቸው?»

«ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። የጠዋቷን በእጃቸው ይዘው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ።»

«ሲውጡ አይተሻል?»

«ኧረ እሳቸውን ማን ቆሞ ይጠብቃል! የማታዋን ሰጥቼ ጥጃ ላስገባ እወጣለሁ። ውኃ የሚያቀብሏቸው አባባ ፍቅሬ ናቸው።»

ሥርጉት ወደ ሐኪሙ ዞረች። «ዶክተር ይትባረክ፣ በቅርቡ ጠንከር ያለ እንክብል አዘዋል።»

«ጠዋት ጠዋት ሕመሙ አላስቀምጥ አለኝ አሉኝ። እጥፍ አደረግሁት።»

«ማታስ?»

ዶክተሩ ወደ ሰርካለም ተመለከተ።

«ማታማ ተኝተው አይነቁም» አለች ሰርካለም።

«ለዶክተሩ ነግረሽዋል?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ሥርጉት የሟችን ጋቢ ከመስቀያው አውርዳ ጫፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። አንደኛው ማዕዘን ተጨማዶ ቀርቷል፤ በጭምድዱ ውስጥ ነጭ ዱቄት አለ።

«ሁላችሁም ቅረቡ» አለች። «አቶ ገብረጻድቅ እስከ ማታ ውኃ እንኳ የማይቀምሱ ጾመኛ ነበሩ። የጠዋቷን እንክብል እዚህ ይቋጥሯታል። ስለዚህ ጠዋት ያማቸዋል። ማታ ሲፈቱ ሁለቱን አንድ ላይ ይውጣሉ፤ በአሮጌው መጠን ከባድ እንቅልፍ ብቻ ነበር። ጠዋት ሲያማቸው ዶክተሩ መድኃኒቱ አነሰ ብሎ እጥፍ አደረገው። በአዲሱ ሁለቱ አንድ ላይ ሲገቡ የአሮጌውን አራት ያህል ሆኑ። ከእንክብሉ የጎደለ የለም፤ የጎደለው ጥያቄ ነው። አባባ ፍቅረ ማርያም፣ ውኃውን ሲያቀብሉ በመዳፋቸው ላይ ስንት አዩ?»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ለቀቁ። «ሁለት» አሉ። «ለማንም እንዳትናገር ብሎ አስምሎኛል። ዶክተሩ አትጹም ይለኛል ብሎ ፈራ... እኔም ሲሞት ፈራሁ።»

«ፈርተው ይቺን ልጅ አሳልፈው ሊሰጡ ነበር» አለች ሥርጉት። ፖሊሱን በዓይኗ ጠቀሰችው፤ ካቴናውን ወደ ኪሱ መለሰ።

«መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ» አለ ዶክተር ይትባረክ። «ጾም መሆኑን አውቃለሁ። እኔም ጾመኛ ነኝ።»

ሰርካለም ግን ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም፤ ነፃ የወጣች አትመስልም። «ያን ማታ ያንኮራፉ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ከባድ፣ እየተቆራረጠ የሚመጣ ማንኮራፋት። እፎይ፣ ዛሬስ ተኙልኝ ብዬ እንዳልቀሰቅሳቸው በሩን ዘጋሁት።»

«እንዲያ ሲያንኮራፉ መድኃኒቱ ትንፋሻቸውን እያፈነው ነው፤ ቀስቅሺ፣ ካልነቁ ወደ ሐኪም ሩጪ ብዬ አልነገርኩሽም» አለ ዶክተሩ፣ ቀና ሳይል።

አቶ ፍቅረ ማርያም ጋቢውን ተቀብለው ጫፉን በአውራ ጣታቸው ይዳብሱት ጀመር። ደጋግመው ዳበሱት። ጭምድዱ አልቃና አለ።