የበሩ አንባቢ

የሰው ገመና በውብ ቃል ሲጻፍ ገመናነቱ ይቀራል? ልጅቷ መልሱን አላወቀችውም። ጣቶቿ ግን ኪቦርዱ ላይ ቆመዋል።

አጎቷ ገጣሚ ነው። ስለ ሥነ ጽሑፍ፣ ስለ ባህልና ስለ ማኅበረሰብ ለዓመታት የጻፋቸውን መጣጥፎች ሊያሳትም ነው። በእጁ ስለሚጽፍ የምትተይብለት እሷ ናት። «ዶሮ የጫረው የሚመስለውን ጽሕፈቴን እኔ እንኳ አላነበው፤ አንቺ እንዴት ቻልሽበት?» ይላታል። የተየበችውን መልሶ አያይም።

የዛሬው ስለ ንባብ ነበር። መሃሉ ላይ ጠዋት ጠዋት በትምህርት ቤት በር ጋዜጣ ዘርግቶ የሚቀመጥ ዘበኛ አለ። ማንበብ አይችልም። ከቤት ሳይወጣ ሴት ልጁ ታነብለታለች፤ እሱ በቃሉ ይይዝና ለመምህራኑ ያወጋል። አጎቷ «ከሁላችን የሚበልጥ አንባቢ» ብሎታል።

ዘበኛው የጓደኛዋ አባት ነው። ጓደኛዋ ነገሩን ስታጫውታት «ትንፍሽ ካልሽ ተቆራረጥን» ብላ አስምላት ነበር። እሷ ግን እራት ላይ፣ ጨዋታው ሲደራ፣ አመለጣት።

«ጋሼ፣ ይሄ ይሰረዝ።»

«ስም ጠራሁ እንዴ?»

«የበሩን ቀለም ሳይቀር ጽፈሃል። ማን መሆኑን የማያውቅ ተማሪ አለ?»

«አወደስኩት እንጂ አልሰደብኩት።»

«አወድሱኝ ብሏል?»

ገጣሚው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ። «እሺ፣ ልጁን ጠይቂያት። ይሰረዝ ካለች እሰርዘዋለሁ። ነገ ግን ማተሚያ ቤቱ ይፈልገዋል» ብሎ ወጣ።

ብትጠይቃት ምስጢሩን ያወጣችው ማን እንደሆነች ይታወቃል። ዝም ብላ ብታጠፋውስ? ማንም አይነቃም። አንቀጹን ልታጠፋው መረጠችው። ከዚያ አጎቷም ጓደኛዋም እንዳመኗት ትዝ አላትና ጣቷን አንስታ ስልኳን ያዘች።

«የአባትሽን ነገር ለአጎቴ ነግሬዋለሁ። መጽሐፉ ውስጥ ጽፎታል። ይሰረዝ ካልሽ ይሰረዛል። ጥፋቱ የኔ ነው።»

መልእክቱ ወዲያው ተነበበ።

ጠዋት አጎቷ «ምን አለችሽ?» አላት።

«ምንም።»

«ዝም ማለት መስማማት ነው ይባል የለ?»

«እሷ ስትስማማ ዝም አትልም።»

እዚያው ፊቱ አንቀጹን አጠፋችው። አጎቷ የተረፈውን ገጽ ትንሽ አየው፤ ጉሮሮውን ጠረገና ፋይሉን እንድትልከው ነገራት።

ከጓደኛዋ መልስ ሳይመጣ ቀረ።