የደምለው ባለ ሦስት እግር

ገናዦቹ ውሃ አሙቀው ቢጠብቁም ኢንስፔክተር ፈንታነሽ የደምለውን ፊት ማንም እንዳያጥበው ከለከለች። ከብቸና ሞጣ ድረስ በጎርባጣ መንገድ ስትንገላታ መጥታ ገና ጉሮሮዋን ሳታርስ አስከሬኑ ላይ ጎንበስ ስትል ለቀስተኛው አጉረመረመ። እሷ ግን ጉርምርምታ ለምዳለች።

የሟች ፊት በዱቄት ነጥቷል። ግንባሩ ላይ፣ ከዱቄቱ በላይ፣ ትንሽ ቀይ አፈር ተለጥፋለች። የሱሪው ጉልበትም ቀልቷል። ማስታወሻዋ ላይ ሁለት መስመር ጻፈችና «አሁን እጠቡት» አለች።

ደምለው ሞጣ ውስጥ የመጀመሪያውን ባለ ሦስት እግር የጭነት ብስክሌት የነዳ ሰው ነው። ከፊት አንድ ጎማ፣ ከኋላ ሁለት፣ ላያቸው ላይ የብረት ሳጥን፤ ሁለት ኩንታል ይሸከማል፣ ገብስ አይበላም፣ አይራገጥም። ከተማው ወደደው። ከተማ የወደደውን ሰው ደግሞ የሚጠላ አይጠፋም።

በዚያ የ2006 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ዱቄት ጭኖ ከወፍጮ ቤት ወደ መናኸሪያ ሲወርድ ፍሬኑ ከዳው። ቁልቁለቱ ግርጌ ከድንጋይ አጥር ጋር ተላትሞ በጀርባው ኮብልስቶኑ ላይ ወደቀ። የፍሬኑን ሽቦ የምትይዘው ብሎን ጠፍታለች፤ የቀዳዳው ጥርስ ግን ደህና ነው። በብሎን መፍቻ ተፈትታለች እንጂ ተነቅላ አልወጣችም።

ባለ አህያ ጋሪው ምንይሉ ወዲያው ታሰረ። የሟች ታላቅ ወንድም ገብረ ኪዳን «ቀብሩ ይለፍ እንጂ ምንይሉ እስር ቤትም ቢገባ ከእጄ አይወጣም» ብሎ በአደባባይ ምሏል። ገብረ ኪዳን ምሎ የቀረበት ጊዜ የለም።

ፈንታነሽ መጀመሪያ ወደ ምንይሉ ሄደች።

«ብስክሌቱ የሚያድረው ከጋሪህ ጋር አንድ ግቢ ነው?»

«አዎ።»

«ገደል እከተዋለሁ ብለሃል?»

«ብያለሁ፤ አንድ ቀንም አይደለም። አህያዬ ጭነት አጥታ ቆማ ስታየኝ ምን ልበል እመቤቴ? ክፉኛ ቀንቻለሁ። የቀናሁት ግን በብረቱ ነው። ሰውየውን አልጠላሁትም።»

የሟች ሚስት ይርጋነሽ ነጠላዋን አደግድጋ ተቀምጣለች። «ለወፍጮ ቤቷ ሴት በነጻ ይጭንላታል ሲሉኝ ቅናት አቃጠለኝ» አለች። «ዛሬ ጠዋት ሳላናግረው ወጣ። በደሌ ይኸው ነው።»

«ቁልቁለቱ ላይ ባለችው ማርያም ቤተ ክርስቲያን በር ይሳለም ነበር?»

«በጾም? ንጉሥ ቢጠራው ሳይሰግድ አያልፍም። ጎማውን በድንጋይ ያስደግፍና ሦስት ጊዜ ግንባሩን መሬት ያስነካል።»

ባለ ሦስት እግሩን የበየደው ብስክሌት ሠሪው አንዷለም ነው። ሱቁ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን በር ፊት ለፊት ነው። ዓይኑ እስኪያብጥ አልቅሷል።

«ሲያልፍ አይተኸዋል?» አለችው ፈንታነሽ።

«አየሁት። እየበረረ ነበር። ሳይሳለም፣ ማተቡን እንኳ ሳይነካ አለፈ።»

«ሳይወርድ?»

«በምን ይቁም? ፍሬኑን ሌሊቱን እዚያው ግቢ ፈተውበታል።»

እሷም አመስግናው ቁልቁለቱን ከወፍጮ ቤት እስከ አጥሩ በእግሯ ወረደችው። መንገዱ ኮብልስቶን ነው፤ ከማርያም በር ፊት ለፊት ብቻ ሥራው ስላልተጠናቀቀ አፈሩ ቀይ እንደ ሆነ ቀርቷል።

ሐሙስ ከቀብር መልስ ሁሉንም ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ምንይሉ በካቴና መጣ። ገብረ ኪዳን በር ላይ ጠመንጃውን ለፖሊስ አስረከበ፤ ሽጉጡን የጠየቀው አልነበረም።

«ደምለው ወፍጮ ቤት ሲጭን ፊቱን ዱቄት ሸፈነው» ብላ ጀመረች። «ቀዩ አፈር ያለው ከዱቄቱ በላይ ነው። ስለዚህ ግንባሩ መሬት የነካው ከወፍጮ ቤት ከወጣ በኋላ ነው። ሲወድቅ ነው እንዳትሉኝ፤ በጀርባው ነው የወደቀው። እዚያ መንገድ ላይ ቀይ አፈር የት አለ?»

«ማርያም በር» አሉ አንድ ቄስ።

«እንግዲያው ወርዶ ሰግዷል። ሁለት ኩንታል የጫነን ብስክሌት ቁልቁለት ላይ ያቆመለት ፍሬኑ ነው። ሌሊት ማንም አልነካውም ማለት ነው። ብሎኗ የተፈታችው ጀርባውን ሰጥቶ ሲሰግድ ነው። ሌላ ሰው ቢነካካው አላፊ አግዳሚው ይጠይቀው ነበር። የሠራው ሰው ሲነካው ግን ማን ልብ ይላል? አንዷለም፣ ያላየ ሰው አላየሁም ይላል። አንተ ግን ሳይቆም አለፈ ብለህ ጥፋቱን ወደ ምንይሉ ግቢ ገፋኸው።»

«ንድፉም ብየዳውም የእኔ ነው» አለ አንዷለም። «ሰው ከሱቄ ፊት ለፊት ከቦት 'የደምለው ብስክሌት' እያለ ያደንቃል። እሱም አንድ ቀን 'አንዷለም ነው የሠራው' አላለም። ቅናት በላኝ። ትንሽ ተጋጭቶ ያፍራል ብዬ ነበር።»

«ሁለት ኩንታል ጭኖ?»



ገብረ ኪዳን ከጋቢው ሥር ሽጉጡን አውጥቶ ተነሣ። ከፖሊሶቹ ቀድሞ መሐል የገባው ምንይሉ ነበር፤ የታሰሩ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ አንዷለምን ከለለው።

«ዞር በል!» አለ ገብረ ኪዳን።

«ጋሼ፣ ትናንት እኔን ሊገድሉ ምለው ነበር» አለ ምንይሉ። «ትናንትም ልክ እንደ ዛሬው እርግጠኛ ነበሩ።»

ገብረ ኪዳን ካቴናውን አየ። ከዚያ ሽጉጡን ለኢንስፔክተሯ ሰጣትና የምንይሉን የታሰሩ እጆች ይዞ አለቀሰ።