ደረጃ የሠራው ሰማይ

ነርሱ ወደ ፎቶ ቤቱ የገባው ከሌሊት ፈረቃ እንደወጣ፣ ዓይኖቹ ደም መስለው ነበር። ፎቶ የምታስተካክለው ልጅ ገና ኮምፒውተሯን መክፈቷ ነው። ቀኑን ሙሉ የሙሽሮችን ፊት ስታጠራ፣ የመታወቂያ ፎቶ ስትቆርጥ ትውላለች፤ ድካሟ ግን ከሥራም በፊት አለ፣ ከሥራም በኋላ አለ።

«ይሄን ማተም ይቻላል?» አላት።

በእረፍቱ ከከተማ ወጥቶ ያነሳው ሰማይ ነው። ጥቁሩ መሃል ቀላ ያለ የከዋክብት ደመና ተንሳፍፏል። ዳር ዳሩ ግን በስሱ መደብዘዝ ሲገባው እንደ ደረጃ ተቆራርጧል።

«ካሜራዬ ሳይበላሽ አይቀርም።»

«ካሜራህ ደኅና ነው። ያስተካከልክበት ፕሮግራም ፎቶውን ወደ ስምንት ቢት አውርዶታል። ከጥቁር እስከ ነጭ ያለህ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት እርከን ብቻ ነው። ለሙሽራ ይበቃል። ያንተ ደመና ግን ጥቁሩ ሥር ባሉት ጥቂት እርከኖች ላይ ታጭቋል፤ ስታበራው እርከኖቹ ይራራቃሉ፣ በመሃል የሚሞላ ነገር የለም።»

«ሙሽራ ከሰማይ ይቀላል በይኛ።»

«የሙሽራ እናት አላጋጠመችህም።»

ተያዩ። ሁለቱም ለፈገግታ የሚሆን ጉልበት አልነበራቸውም፤ ፈገግ አሉ ግን።

ዋናዎቹን ፋይሎች አልጣላቸውም ነበርና እንደ አዲስ ጀመሩ። ከፈረቃ በወጣ ቁጥር ይመጣና ደንበኛ እስኪገባ አጠገቧ ይቀመጣል። እርከኑ በብዙ ሺህ በሚቆጠርበት በአሥራ ስድስት ቢት ሲሠሩ እሱ የሚወዳቸው ማጣሪያዎች ግማሾቹ እምቢ አሉ።

«ይቅሩ» አለችው። «መጀመሪያ ጨለማውን ቀስ እያልን እናብራው። ወደ ስምንት የምንወርደው መጨረሻ ላይ፣ ልናትም ስንል ነው።»

አንዳንድ ቀን ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል። ያኔ የመዳፊቱ ድምፅ እንዳይሰማ ጣቷን ታለሳልሳለች።

አንድ ጠዋት ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል፣ «እሑድ አብረሽኝ ብትወጪ፣ ሰማዩን በዓይንሽ ብታይው» አላት።

«አልችልም።»

ምክንያት አልጨመረችም። ምክንያቷን ለሰው ማስረዳት ከሰለቻት ቆይቷል። እሱም ዳግም አልጠየቃትም። በማግሥቱ ቀረ፤ በሳምንቱም ቀረ።

ፎቶውን ብቻዋን ጨርሳ አተመችው፤ ይዛውም እሱ የሚሠራበት ሆስፒታል ድረስ ሄደች። በሠራተኞች መውጫ በኩል፣ አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘችው።

«አባቴ ግማሽ አካሉ አይታዘዝለትም» አለችው፣ ሰላምታም ሳታስቀድም። «ቀን አክስቴ ናት የምታየው፣ ማታና እሑድ እኔ ነኝ። አልችልም ያልኩህ ለዚህ ነው።»

«እና ለምን አልነገርሽኝም? ሥራዬ እኮ ነው።»

«እሱን ነዋ የፈራሁት። ከበሽተኛ ወጥተህ ወደ በሽተኛ። ሁለተኛ ሥራህ መሆን አልፈልግም።»

ዓይኖቹን በመዳፉ አሸ። አምቡላንስ ገባ፣ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ፤ እሱ አልተነሳም።

«ደክሞኛል» አለ በመጨረሻ። «ወደፊትም ይደክመኛል፣ አልዋሽሽም። ግን ከደከመኝ አይቀር አንቺ አጠገብ ይድከመኝ።»

አጠገቡ ተቀመጠች። ፎቶው ጉልበቷ ላይ ነው፤ የደመናው ዳር አሁን ሳይቆራረጥ ቀስ ብሎ ጨለማው ውስጥ ይጠፋል። ብዙም አላዩት። እጇን ያዘ፣ ተወችለት።

እሑድ ቤታቸው መጣ። አባትየው ከአልጋው ላይ ሆኖ ከእግር እስከ ራሱ አየው። ነርሱ የተንጋደደውን ትራስ ሲያይ እጁ አላርፍ አለው፤ ሊያስተካክል ብድግ አለ።

«ነርስ ነህ አሉ» አለ ሽማግሌው፣ ቃሉን እየጎተተ።

«አዎ፣ አባባ።»

«እዚህ እንግዳ ነህ። ቁጭ በል።»

ተቀመጠ። እሷም አጠገቡ ተቀመጠች። ስለ አየሩ፣ ስለ መንገዱ ትንሽ ተጫወቱ፤ ከዚያ ጨዋታው እየሳሳ ሄደ። ጭንቅላቷ ትከሻው ላይ ወደቀ፣ የእሱ ግድግዳው ላይ።

አክስትየው ከገበያ ተመልሳ ገና ከበሩ ድምፅዋን ስታሰማ፣ ሽማግሌው የሚታዘዝለትን እጁን አነሳ።

«ቀስ በይ» አላት። «ልጆቹ ተኝተዋል። እኔ አለሁላቸው።»