ሰው እንዳትጠሪ

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!»

ድንቢጥ አያቷን ከኋላ በብብታቸው አቅፋ ባላት ኃይል ሁሉ ሳበች። አያቷ ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ብድግ አሉና መልሰው ዘጭ አሉ። እሷም አብራቸው ተዘረረች።

ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና የነዱ ግዙፍ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ፣ እናቷ ፋብሪካ ስለምትውል፣ ከትምህርት ቤት መልስ የምትጠብቃቸው እሷ ናት። «ድንቢጥ» ያሏትም እሳቸው ናቸው፤ አሥራ አራት ዓመት ሞልቷት ቁመቷ ገና ደረታቸው ጋ ነው። ዛሬ ከአልጋ ሲወርዱ ተንሸራተው በአልጋውና በቁም ሳጥኑ መሃል ወደቁ። የተሰበረ ነገር የለም፤ መነሳት ግን አቃታቸው።

«ጎረቤት ልጥራ፣ አባባ?»

«ሰው እንዳትጠሪ!» አሉ ቆጣ ብለው። «እንዲህ ሆኜ ማንም አያየኝም።»

ሱሪያቸው ረጥቧል። ድንቢጥ አይታ እንዳላየች ሆነች።

ወንበር አስጠግታ እንዲደገፉ አደረገች፤ ወንበሩ ሸሸ። እናቷ ጋ ደወለች፤ ፋብሪካ ውስጥ ስልክ ስለማይፈቀድ የሚያነሳ የለም። የአያቷ ከንፈር በብርድ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ብርድ ልብስ ጣል አድርጋላቸው ወጣች።

ግድግዳ የሚጋሯት ልብስ ሰፊ ማሽኗ ላይ አጎንብሳለች። ድንቢጥ በሩ ላይ ስትቆም የአያቷ «ሰው እንዳትጠሪ» ትዝ አላት።

«እትዬ... መቀስ ያውሱኛል?»

መቀሱን ይዛ ተመለሰች። አያቷ መቀሱን አዩ፤ እሷን አዩ።

«ምነው፣ ቆራርጠሽ ልታወጪኝ ነው?»

ሳቋ አመለጣት። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ በሳቁ መሃል እንባዋ መጣ።

«ፈራሁ፣ አባባ። ብቻዬን አልቻልኩም። መሬት ላይ ትቼዎት መቀመጥም አልችልም።»

«ብርድ ልብሱን እስከ ደረቴ ሳቢልኝ» አሉ አያቷ በመጨረሻ። «ከዚያ ጥሪያት።»

ልብስ ሰፊዋ መጥታ ምን ሆኑ፣ እንዴት ሆኑ አላለችም። አጠገባቸው ተንበረከከችና «በየት በኩል ይመችዎታል፣ ጋሼ?» አለች።

«አንቺ በግራ፣ ድንቢጥ በቀኝ» አሉ፤ ድምፃቸው የሾፌር ድምፅ ሆነ። «‹ሂድ› ስል ብቻ! ... ሂድ!»

አያቷ ተነስተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ልብስ ሰፊዋ ላቧን እየጠረገች ወደ ድንቢጥ ዞረች።

«ሌላ ጊዜ ግድግዳውን ደብድቢው። ማሽኑ ቢጮህም እሰማለሁ።»

ማታ እናቷ ገብታ ያበጡ እግሮቿን ከጫማ አላቀቀች።

«እንዴት ዋላችሁ?»

አያቷ ጋዜጣውን ከፍ አድርገው ፊታቸውን ሸፈኑ። ድንቢጥ እንደ ሌላው ቀን ሁሉ «ደህና» ልትል ነበር። ግን ወንበር ስባ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«እማ፣» አለች፣ «ብቻዬን የማልችለው ነገር አለ።»

ጋዜጣው ቀስ ብሎ ወረደ። አያቷ አላቋረጧትም።